እትዬ ትብለጥና የሰው ግቢ ዛፍ

እትዬ ትብለጥ አረፉ። ደውላ የነገረችኝ ልጃቸው ሰርካለም ናት። «ጋሼ፣ እማዬ ተለየችን» አለችኝ። «ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ። ትንሽ ቆይታ ግን ድምፅዋ ተለወጠ።

«እንዴት ያለ ለቅሶ መሰልዎት፤ የሚያለቅስ ሰው ጠፋ እኮ። አንዱ ይነሳና እማዬ ያደረገችውን ያወራል፣ ድንኳኑ በሙሉ ይስቃል። ከሩቅ የመጡ ዘመዶቻችን ተቀይመው ሊሄዱ ነበር።»

ስልኩን እንደያዝኩ እኔም ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። «እትዬ ትብለጥ ሞቱ» አልኳት። እንደ እብድ አይታኝ ተመልሳ ገባች።

ከእትዬ ትብለጥ ጋር የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ፣ ሰባዎቹ ሲጀምሩ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ለሰቆጣ ማዘጋጃ ቤት በቀያሽነት ተመድቤ ሄድኩ። ሥራዬ መንገድ መለካት፣ የቤት ቦታ ወሰን ማስመር ነበር። ሰቆጣ ያለችበትን ዋግን ከዚያ በፊት በስም እንጂ አላውቀውም። ገበያ ውዬ ሰዎች በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ሲነጋገሩ ስሰማ የገዛ አገሬ ውስጥ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ሰሞን በከተማዋ ዙሪያ ያለው ተራራ በማገዶ ምክንያት ተራቁቶ፣ ሰው መጥረቢያውን ወደ ገዛ ግቢው አዙሮ ነበር። ስለዚህ መመሪያ ወጣ። ማንም የከተማው ነዋሪ በግቢው ያለውን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ አይችልም። መቁረጥ የፈለገ ለቀበሌው ያመለክታል፤ ከቀበሌው አንድ ተወካይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ሄደው ያያሉ። ዛፉ የደረቀ ወይም ቤት ላይ የሚወድቅ ካልሆነ አይፈቀድም። ከተፈቀደለትም በምትኩ ሌላ ተክሎ ማጽደቅ አለበት። ከማዘጋጃ ቤቱ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። የቀበሌው ተወካይ ደግሞ እትዬ ትብለጥ ሆኑ።

እንዴት እንደተመረጡ የሰማሁት በኋላ ነው። በእሑድ ስብሰባ ላይ መመሪያው እየተነበበ ነበር። ቤት ከተወረሰ፣ መሬትም የሕዝብ ከተባለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ለራሱ ያህል «ቤቱን ወሰዱ፣ መሬቱን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ የቀረችንን ጥላ» ብሎ አጉረመረመ። እትዬ ትብለጥ ከፊቱ ተቀምጠው ነበርና ሰምተው ሳቃቸው አመለጣቸው። የእሳቸው ሳቅ ደግሞ በነጠላ የሚሸፈን አልነበረም፤ ከሆዳቸው ተነስቶ፣ ትከሻቸውን አንቀጥቅጦ ነው የሚወጣው። ሊቀመንበሩ ንባቡን አቁሞ «ጓድ ትብለጥ፣ ምን አሳቀዎት?» አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ያሳስር ነበር። ነጋዴው በላብ ተጠመቀ።

«የለም፣ ይህን ሥራ ለእኔ ብትሰጡኝ ብዬ አስቤ ደስ ብሎኝ ነው» አሉ።

ሥራውን የፈለገ ሌላ ሰው አልነበረም። ማን ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል? እዚያው ተጨብጭቦ ተመረጡ። «ማን አሳቀዎት?» ብሎ የጠየቀ ሲመጣ «ሰይጣን» ይሉ ነበር። ያ ነጋዴ ግን ሰይድ ነበር፤ ገበያው ዳር ጨርቅ፣ ሸራና ጨው የሚሸጠው ሰይድ።

እትዬ ትብለጥ ባላቸው ከሞተባቸው ቆይቷል፤ ያላቸው ሰርካለም ብቻ ናት። የሚኖሩት ማር ነግደው ነው። ግቢያቸው ውስጥ ቀፎ ነበራቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከገጠር የሚመጣውን ነጭ ማር ተቀብለው ይሸጣሉ። ቁመታቸው ረጅም፣ ጥርሳቸው ፍንጭት፣ አንገታቸው ንቅሳት ያለበት ሴት ነበሩ። ቆመው ሰው ማናገር አይወዱም። አንድ ግቢ ስንገባ መጀመሪያ ግንዱን በመዳፋቸው እንደ በሬ ታፋ መታ መታ ያደርጉታል፤ ከዚያ ሥሩ ቁጭ ይላሉ። ባለቤቱም ግድ ሆኖበት ይቀመጣል። «ቆሞ መዳኘት ያለበት ዛፉ ነው፤ እኛ እንቀመጥ» ይላሉ። ሰው ጥላ ውስጥ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ «ይህን ቁረጡልኝ» ማለት አፉን እንደሚይዘው ያውቁ ነበር። ብዙ ማመልከቻ እንዲሁ ተቀምጦ ቀርቷል።

ከእሳቸው ጋር መጀመሪያ የሄድኩት ሰይድ ግቢ ነው። ከሱቁ ጀርባ መጋዘን ሊሠራ አስቧል፤ መሐል ላይ ግን አንድ ሰፊ ግራር ቆሞበታል። ያን የስብሰባ ነገር ስለሚያውቅ እትዬ ትብለጥ ከእሱ ወገን የሚቆሙ መስሎታል። ፊቱ በርቶ ተቀበለን።

«ይኸውልዎ እትዬ ትብለጥ፣ ይህ ግራር ነው ያስቸገረኝ።»

«ደርቋል?»

«የት ይደርቃል፤ ይኸው እንደሚያዩት ነው።»

«ቤትህ ላይ ይወድቃል?»

«መጋዘኑ ሲሠራ ይወድቅበት ይሆናል።»

«ባልተሠራ መጋዘን ላይ ይወድቃል ተብሎማ ዛፍ አይቆረጥም።»

ሰይድ ፊቱ ተለወጠ። «ወላሂ ይህ ነገር አይገባኝም። ዛፉን የተከለው አባቴ ነው። የምኖርበት ግቢ ነው። ጥላውም የኔው ነው።»

እትዬ ትብለጥ ዞር ብለው አዩ። ቀትር አልፎ ነበርና ጥላው አጥሩን ተሻግሮ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ከዋጉ ዝቋላ ማሽላ ጭነው የመጡ ገበያተኞች አህዮቻቸውን አራግፈው ተጋድመውበታል።

«ያንተማ ቢሆን እቤትህ ያድር ነበር» አሉት። «ይኸው ሳያስፈቅድህ ወጥቶ ሰው ሲያስተናግድ ይውላል።»

ሰይድ እንዳይስቅ ታገለ፤ አልቻለም። ግን የሳቀው ከልቡ አልነበረም፤ ልጆች አሉት፣ ዕቃውን ዝናብ ሊመታበት ነው። እሳቸውም ይህን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጎጃሜ፣ መስመር ማስመር አይደል ሥራህ? ይህን መጋዘን እጠፍለት።» «ምን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው። ክንዳቸውን ዘረጉና ከክርናቸው ላይ አጠፉት። «እንዲህ።» ግራሩን የመጋዘኑ ክርን ውስጥ አስገብቼ ወሰኑን እዚያው አሰመርኩ። ሰይድ ለጥቂት ሳምንት አኮረፈ። መጋዘኑ ካለቀ በኋላ ግን «በሰቆጣ ክርን ያለው መጋዘን የኔ ብቻ ነው» እያለ ለሰው ያሳይ ጀመር። እንዲያም ሆኖ እትዬ ትብለጥን ባያቸው ቁጥር «አንድ ቀን የርስዎም ተራ ይደርሳል» ማለቱን አልተወም። እሳቸውም «ይድረሳ» ይሉታል።

በዚያ መሐል ለአውራጃው አዲስ አስተዳዳሪ መጣ። ወጣት ነው፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ከወታደር ቤት የመጣ። በመኖሪያው ግቢ አንድ የቆየ ወይራ አለ። ማታ ማታ ወፍ እየሰፈረበት ሥሩ የምትቆመውን ላንድሮቨር ያበላሻታል። «ዛፉ ነገ ይቆረጥ» ብሎ ለጥበቃዎቹ አዘዘ። ወሬው እትዬ ትብለጥ ዘንድ ደረሰ፤ ወዲያው ቢሮዬ መጥተው «ተነስ፣ ሥራ አለን» አሉኝ።

የት እንደምንሄድ ነገሩኝ። «እትዬ፣ ይህንን እንኳ እንዳላየን እንለፈው» ብዬ ለመንኳቸው። መንገድ ላይ እየሄዱ ነበር የመለሱልኝ። «ሰይድን ከልክዬ እሳቸውን ብተዋቸው፣ ነገ ሰይድን በየትኛው ዓይኔ ላየው ነው?»

አስተዳዳሪው በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘነው። አንዱ ጥበቃ መጥረቢያ እየሳለ ነበር።

«ምን ፈለጋችሁ?» አለ።

«ዛፉን ልናይ ነው የመጣን፣ ጓድ።»

«ዛፍ ምኑ ይታያል? ይቆረጣል።»

«ደርቆ ነው?»

አስተዳዳሪው አፈጠጠባቸው። «ወይዘሮ፣ መመሪያውን የፈረምኩት እኔ ነኝ።» የፈረመው ከእሱ በፊት የነበረው ነው፤ እሱ ሲመጣ አጽድቆት ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እሱን ብዬ ነው እኮ ደፍሬ የመጣሁት» አሉ እትዬ ትብለጥ ረጋ ብለው። «ሌላው ሰው ሲከለከል ‹መመሪያውን መች አወቅሁት› እያለ ያደክመኛል። እርስዎ ዘንድ ይህ ድካም የለብኝም።»

ጥበቃው መሳሉን አቆመ። አስተዳዳሪው ዛፉን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ። 

«ወፎቹስ?» አለ በመጨረሻ።

«ለወፎቹ መመሪያ አልወጣም፣ ጓድ። ግን መኪናዋን ወደዚያኛው ጥግ ቢያስጠጓት፣ እዚያ ወፍ አያድርም።»

ሾፌሩን ጠራና «አንሳት» አለው። ልንወጣ ስንል ከኋላችን «ቆይ እስቲ፣ እርስዎን ማን ነው የመረጠዎት?» ሲል ሰማነው። «ሳቄ ነው፣ ጓድ» አሉት። ሰውየው ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከበሩ ርቀን እንደታጠፍን ግን እትዬ ትብለጥ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ።  «ትንሽ ልረፍ፣ ልጄ» አሉኝ። «እዚያ ቆሜ ሰርካለምን ነበር የማስባት። እኔ ብታሰር ማን ይድራታል እያልኩ።» ትንሽ ተንፈስ አሉና መሳቅ ጀመሩ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሚያልፈው ሰው ማር ጠጅ ጠጥተን የመጣን ሳይመስለው አልቀረም።

ሰርካለምን መዳሩ ሩቅ አልነበረም። በዓመቱ ከጎረቤት ወረዳ ከአምደወርቅ ሽማግሌ መጣ፤ የሙሽራው አባት አያ ምስጋናው ነበሩ፤ በአገራቸው የተከበሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ገበሬ። ነገሩ አለቀ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ቀኑ ሲቃረብ አያ ምስጋናው ዳሱ የሚጣልበትን ቦታ ሊያዩ መጡ። የእትዬ ትብለጥ ግቢ ብዙም ሰፊ አይደለም። መሐሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው የማያቅፈው ዋንዛ ቆሟል። አያ ምስጋናው ዛፉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይህስ?» አሉ።

«ዋንዛ ነው» አሉ እትዬ ትብለጥ።

«ዋንዛ መሆኑንማ አያለሁ። የኔ ልጅ ከሚዜዎቹ ጋር ከበር ሲገባ ከሙሽራይቱ ወገን ጋር ፊት ለፊት መተያየት አለበት። በዚህ አያያዝ የሚያየው ግንድ ነው። ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌና ሙግት ያለበት ሰው ነው፤ ሙሽራ አይደለም።»

ሌላም አልተናገሩ፤ በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ። ነገሩ ግን በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። እትዬ ትብለጥ ስንቱን ከልክለዋል። ገበያ ውስጥ «አሁን ደግሞ እናያታለን» የማይል አልነበረም። ከተከለከሉት አንዳንዶቹ መጥረቢያ እናውስዎት ብለው በሽሙጥ ሰው ላኩባቸው። ዘመዶቻቸው ደግሞ «ልጅሽ አንዲት ናት፤ ለግንድ ብለሽ ከአማት ታጣያታለሽ? ፍልጡም ለድግሱ ይሆናል» እያሉ ያስጨንቋቸዋል። ሰርካለም ደግሞ ዛፉን ቀና ብላ እያየች ታልፋለች። ያ ነበር የባሰው።

እትዬ ትብለጥ እንደማንኛውም ሰው ለቀበሌው አመለከቱ። ሊቀመንበሩ ተቸገረ። «የራስዎን ዛፍ ራስዎ ሊያዩ አይችሉም። በምትክዎ ማንን እንመድብ?» አላቸው።

«ሰይድን» አሉ።

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ሰይድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። እኔም እንደ ደንቡ አብሬው ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ሰይድ ዋንዛውን ከላይ እስከ ታች አየ። ግንዱን ዞረ። ቅርንጫፉን አንጋጦ ተመለከተ፤ ፍሬው መብሰል ጀምሮ ነበር። አልተቻኮለም። እትዬ ትብለጥ ነጠላቸውን አስተካክለው አፉን አፉን ያያሉ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሰይድ ይከለክለኛል ብለው በሙሉ ልባቸው ተማምነው ነበር። ተከለከልኩ ብለው ለአያ ምስጋናው ሊነግሩ፣ ሕግ ነው ብለው ሊገላገሉ አስበው።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «አይቻለሁ። ሠርግ ነው፤ ልጅ አንዲት ናት። ፈቅጃለሁ።»

እትዬ ትብለጥ ክው አሉ። «ፈቅጃለሁ?»

«ፈቅጃለሁ። ይቁረጡት።»

«በምን ምክንያት ነው የፈቀድከው?»

«አዘንኩልዎ።»

«ማዘን መመሪያው ውስጥ የት አለ? ዛፉ ደርቋል?»

«አልደረቀም።»

«ቤት ላይ ይወድቃል?»

«የዛሬ መቶ ዓመትም አይወድቅ።»

«ታዲያ ይህ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው? እንዲህ እያላችሁ ነው ከተማውን ራቁቱን የምታስቀሩት። እኔ በዚህ ውሳኔ ይግባኝ እላለሁ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው በእውነት ተቆጥቶ ነበር። «ቀያሹ፣ አንተስ ምን ትቆማለህ? ተናገር እንጂ።»

ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሰይድ ግን ኮስተር እንዳለ «እንግዲያውስ ተከልክለዋል» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘ። «እትዬ፣ እርስዎ እኔን የከለከሉኝ ቀን ምን እንደተሰማኝ ትንሽ ይቅመሱት ብዬ ነው። ያን የስብሰባ ቀን ያደረጉልኝንም አልረሳሁም። በሉ አሁን የዳሱን ነገር ለእኔና ለቀያሹ ይተዉልን።» እትዬ ትብለጥ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሁለት ቀን ሙሉ እኔና ሰይድ ዳስ ሠራን። ግንዱን መሐል ምሰሶ አድርገን፣ ከላይ ሸራውን ግንዱ ዙሪያ ክፍት ትተን ክብ ዳስ ጣልን፤ ሸራው በሙሉ ከሰይድ ሱቅ ነው የወጣ። ዳስ በአራት ማዕዘን እንጂ በክብ ሲጣል ያየ ስላልነበር ሰው እየመጣ ያያል፣ ምክር ይሰጣል። የሙሽራው ወገን በዚህ፣ የሙሽራይቱ በዚያ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ዙር እንዲቀመጥ ሆነ። ሌላ አማራጭም አልነበረም።

የሠርጉ ዕለት አያ ምስጋናው እንግዶቻቸውን አስከትለው ከበር ሲገቡ ዳሱን አዩና ቆሙ። ዘፈኑ ቀዘቀዘ። እትዬ ትብለጥ ወደፊት ሄደው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱ። «አያ ምስጋናው፣ አመለከትኩ፣ ተከለከልኩ» አሉ። «የከለከለኝም ያ ነው» ብለው ወደ ሰይድ ጠቆሙ። አያ ምስጋናው ሰይድን ረጅም ጊዜ አዩት። ሰይድም እንደ ዳኛ ቆፍጠን ብሎ ቆመ። «ሕግ ከሆነ እንግዲህ» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ያን ዕለት ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር፤ ከዳሱ ስር ግን የዋንዛው ጥላ ነፋስ ይዞ ይወርዳል። ድግሱ ተበላ፤ የሰይድ ባለቤት ለሙስሊም እንግዶች የተዘጋጀውን ለብቻ ይዛ ታስተናግዳለች። በመሐል አንድ የበሰለ የዋንዛ ፍሬ በሸራው ክፍተት ወርዶ የአያ ምስጋናው ነጭ ጋቢ ላይ ጠብ አለ። ተጣበቀ።  ሽማግሌው ፍሬውን አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ቀስ ብለው ወደ አፋቸው ሰደዱት። «ይጣፍጣል» አሉ። ከዚያ ወዲያ የዘፈኑ ነገር አይነሳ። ክብ ዳስ ውስጥ የሚጨፍር ሰው ዛፉን ከመዞር ሌላ መሄጃ የለውም። አምደወርቅና ሰቆጣ ተቀላቅለው ዋንዛውን እየዞሩ እስክስታውን ሲመቱት ዋሉ። አያ ምስጋናው ራሳቸው ሁለት ዙር ዞረዋል።

ሰርካለም ሄደች። ከመልሱ በኋላ ግቢው ጭር አለ። እትዬ ትብለጥ ቤት ለቤት ዛፍ ማየታቸውን አልተዉም፤ ሳቃቸው ግን ቀነሰ። በዚያ አገር የሙሽራ እናት ሳትጠራ ልጇን ልይ ብላ የልጇ አማቶች ቤት አትሄድም፤ ነውር ነው። «ልጄን ናፈቅሁ» ብለው አያውቁም። ግን ከአምደወርቅ መንገድ የመጣ ሰው ሲያገኙ የገበያውን፣ የዝናቡን፣ የከብቱን ሁሉ ይጠይቁታል፤ እሷን ብቻ አይጠይቁም። ሰውየው በራሱ አፍ እስኪያነሳት ይጠብቃሉ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከእትዬ ትብለጥ ጋር ተቀምጠን ሳለ አያ ምስጋናው በዝናብ የረጠበ ጋቢያቸውን እያራገፉ ገቡ። ሰላምታው አለቀ። እትዬ ትብለጥ ሁሉን ጠየቁ፤ አዝመራውን፣ ጤናውን፣ መንገዱን። ከዚያ አያ ምስጋናው ተነስተው ቆሙ።

«የመጣሁት ለፈቃድ ነው» አሉ።

«የምን ፈቃድ?»

«ግቢዬ ውስጥ ዋንዛ ልተክል አስቤ ነው።»

«አያ ምስጋናው፣ ለመትከል እኮ ፈቃድ አያስፈልግም» አልኩ እኔ። «ደግሞም አምደወርቅ የዚህ ከተማ ክልል ውስጥ …»

«አንተን አልጠየቅሁም» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «እኔ ያለ ሕግ የምሠራው ነገር የለም። የሚመለከተው ሰው መጥቶ ቦታውን ይይልኝ።»

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ከውጭ ሁለት በቅሎ ታስሯል። በአንዷ አያ ምስጋናው መጥተውባታል፤ ጭቃው እስከ ሆዷ ነው። ሁለተኛዋ ኮርቻዋ ላይ የሴት መቀመጫ ተነጥፎላት፣ ባዶዋን ቆማለች። እሳቸውን ሊጠሩ መምጣታቸው ያኔ ገባኝ።

እትዬ ትብለጥም አይተዋል። ጎንበስ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ ፊታቸው ግን እንደ ዳኛ ኮስተር ብሏል።

«ቦታውን ሳላይማ አልፈቅድም» አሉ።

«እኔም ያንኑ ነው የምለው» አሉ አያ ምስጋናው።

እትዬ ትብለጥ ቤታቸው ደርሰው ከዋንዛው ሥር የበቀለ አንድ ችግኝ ከነአፈሩ ነቀሉ፤ በኮባ ጠቅልለው፣ አንድ ቅል ነጭ ማር ጨምረው በቅሎዋ ላይ ወጡ። ልጓሙን ይዤ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰው እያየ «ወዴት ነው እትዬ ትብለጥ?» ይላቸዋል። «ሥራ ነው» ይላሉ፤ በዚያ በሚያውቁበት አነጋገር። ልንለያይ ስንል እኔም እንደ መሥሪያ ቤት ሰው «ስንት ቀን ይቆያሉ ብዬ ለሊቀመንበሩ ልንገር?» አልኳቸው።

እትዬ ትብለጥ ችግኙን ደረታቸው ላይ አስተካክለው ያዙና ያን ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ችግኙ እስኪጸድቅ ነዋ» አሉኝ።